የኦቲዝም ምዘና ለልጅዎ ወይም ለራስዎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጄ 3 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረኝ። እኔ ራሴ ደግሞ በ41 ዓመቴ ለምዘና ተቀመጥኩ። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የብዙ ወላጆችን ጭንቀት ሰምቻለሁ፤ ጥያቄዎቹም ከሞላ ጎደል እነዚሁ ናቸው። ከሁሉም አስቀድሜ የምለምንዎት ቤት ውስጥ ያዩትን ነገር እንዳይንቁት ነው። ባለሙያዎቹ ልጅዎን የሚያዩት ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ እርስዎ ግን ሲተኛም ሲነቃም፣ ሲደሰትም ሲከፋም አይተውታል።

ልጄ 2 ዓመት ሊሞላው ነው፤ አፉን አልፈታም። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይሉኛል። ልጠብቅ?

አይጠብቁ። «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» የሚለው ማጽናኛ ከፍቅር የመጣ ነው፤ እኔን ግን ሰባት ወር አስቀምጦኛል። ዘግይተው አፋቸውን ፈትተው ከእኩዮቻቸው ጋር የሚስተካከሉ ልጆች በእርግጥ አሉ። ችግሩ የትኛው ልጅ በራሱ እንደሚደርስ አስቀድሞ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ሄደው ምንም ባይገኝ የሚያጡት ጥቂት ቀን ነው፤ ጠብቀው ቢገኝ ግን ያለፈው ጊዜ አይመለስም።

ሐኪሞች ልብ የሚሏቸው የዕድሜ ድንበሮች አሉ። በ12 ወሩ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» የማይል፣ እጁን አውለብልቦ የማይሰናበት፣ በጣቱ የማያሳይ ሕፃን፤ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፤ በ24 ወሩ የሰማውን ከመድገም አልፎ ሁለት ቃል ከራሱ ማገናኘት የማይችል ልጅ መታየት አለበት። በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን የነበረውን ቃል ወይም ከሰው ጋር የነበረውን ጨዋታ ያጣ ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

እኔ ወላጆችን ስጠይቅ ከቃል ይልቅ ስለ ጣቱ ነው የምጠይቀው። ልጅ በጣቱ የሚያሳየው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንዱ «ያንን ስጪኝ» ለማለት፣ ሌላው «ያንን አየሽው?» ለማለት ነው። ሁለተኛው ሲጎድል ብዙ ይናገራል። የእኔ ልጅ ውኃ ሲያምረው አንጓዬን ይዞ ይጎትተኝና መዳፌን ቧንቧው ላይ ያስቀምጠው ነበር። ፊቴን አያይም። እጄ ለእሱ እንደ ቁልፍ ያለ ዕቃ ነበረች። ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐኪም ስነግራት እስክሪብቶዋን አንስታ «እስኪ ይህንን በደንብ ንገሪኝ» አለችኝ።

ስሙን ስጠራው አይዞርም። ጆሮው ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የጆሮ ምርመራው ይቅደም። ልጄ ስሙን አሥር ጊዜ ብጠራው አይዞርም፤ የሚወደው የዕቃ መሳቢያ ከሌላ ክፍል ሲከፈት ግን በሩጫ ይመጣል። ይህንን አይቼ «ጆሮው ደህና ነው» ብዬ ደመደምኩ። ተሳስቼ ነበር፤ ምክንያቱም በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ አንዳንዱን ድምፅ ሰምቶ ሌላው ሊያመልጠው ይችላል። መስማትና ኦቲዝም አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ብቁ የመስማት ምርመራ ያደረገበትን ወረቀት ይዘው ከሄዱ ምዘናው ራሱ ይፈጥናል።

ጤና ጣቢያ መጠይቅ አስሞሉኝ። ምርመራው ይኸው ነው?

አይደለም፤ ያ ማጣሪያ ነው። ለትንንሽ ልጆች በብዙ አገሮች የሚሠራበት ኤም-ቻት የሚባለው መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ሲሆን 20 «አዎ» ወይም «አይ» የሚባሉ ጥያቄዎች አሉት። ከ0 እስከ 2 ነጥብ ዝቅተኛ፣ ከ3 እስከ 7 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ሥጋት ይባላል። መካከለኛው ላይ የወደቀ ወላጅ ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፤ ከፍተኛው በቀጥታ ወደ ምዘና ይላካል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሁሉም ልጆች በ18 እና በ24 ወራቸው እንዲህ ባለ ማጣሪያ እንዲያልፉ ይመክራል።

ማጣሪያው ያነሳው ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፤ ያሳለፈው ልጅ ሁሉም ነፃ ነው ማለት አይደለም። ነጥቡ ዝቅ ብሎ የእርስዎ ልብ ካላረፈ ልብዎን ይስሙ፤ ምዘና ይጠይቁ።

በደም ወይም በአንጎል ምስል አይታወቅም?

እስካሁን ኦቲዝምን የሚለይ የደም ምርመራም ሆነ የአንጎል ምስል የለም። ሐኪሙ የጭንቅላት ምስል ወይም የአንጎል ሞገድ ምርመራ ካዘዘ ሌላ ነገር ጠርጥሮ ነው፤ ለምሳሌ የሚጥል በሽታ። የዘር ቅንጣት ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል፤ እሱ ግን የሚፈልገው ከጀርባ ያለ ምክንያት ካለ ነው እንጂ ኦቲዝም አለ ወይም የለም አይልም።

ውሳኔው የሚሰጠው ጠባይንና የእድገት ታሪክን በመመርመር ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ዲ.ኤስ.ኤም-5 የተባለው መመሪያ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ከሰው ጋር በመግባባት በኩል ያለ ችግር ነው፤ ይህ በሦስት መልኩ፣ ማለትም ወሬና ስሜት በመቀባበል፣ ቃል በሌለው መግባቢያ (ዓይን፣ ፊት፣ እጅ) እና ግንኙነት በመመሥረት መታየት አለበት። ሁለተኛው የመደጋገምና በጥቂት ነገር ብቻ የመወሰን ጠባይ ነው፦ እንቅስቃሴን ወይም ንግግርን መደጋገም፣ ለውጥን አለመቀበል፣ በአንድ ነገር ፍጹም መመሰጥ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለንክኪ ከሌላው ሰው በጣም የበዛ ወይም ያነሰ ስሜት ማሳየት። ከእነዚህ አራት ቢያንስ ሁለቱ ያስፈልጋሉ። ምልክቶቹ ከልጅነት የጀመሩና ኑሮን የሚያውኩ መሆን አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አይ.ሲ.ዲ-11 የተባለው መዝገብም በመሠረቱ ከዚህ አይርቅም።

በቀጠሮው ቀን ምን ያደርጉታል?

ይጫወታሉ። ይህንን ሳልነግርዎ ባልፍ ይቆጨኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርኩት መርፌና ማሽን እየታየኝ ነው።

በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ አዶስ ይባላል። ባለሙያዋ ወለል ላይ ትቀመጣለች፤ የሳሙና አረፋ ትነፋለች፤ ለአሻንጉሊት የልደት በዓል ታከብራለች፤ ስሙን ትጠራለች፤ ያዝናናውን ነገር በድንገት አቁማ ምን እንደሚያደርግ ታያለች። ልጁ «እንደገና!» ለማለት ወደ ፊቷ ያያል ወይስ የአረፋውን ዕቃ ብቻ ይዞ ይጎትታል? ከዓይኑ፣ ከድምፁና ከእጁ የትኞቹን አንድ ላይ ይጠቀማል? አጠቃላዩ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለአዋቂና ለሚናገር ልጅ ጨዋታው በወሬና በሥዕል ይተካል።

ከወላጅ ጋር ደግሞ ረጅም ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፤ ኤ.ዲ.አይ-አር የሚባለው 93 ነጥቦች አሉት። በተጨማሪ የቋንቋ፣ የመማር ችሎታና ራስን የመቻል (መልበስ፣ መታጠብ፣ መንገድ መሻገር) ፈተናዎች አሉ። በጥሩ ምዘና ላይ የሕፃናት ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና የንግግር ሕክምና ባለሙያ አብረው ይሠራሉ፤ በሌለበት አንድ የሠለጠነ ባለሙያም ሊወስን ይችላል። የትኛውም መሣሪያ ብቻውን አይፈርድም። «በአዶስ ነጥቡ አልሞላም» ብቻ ተብለው ከተሸኙ የቀረው መረጃ እንዴት እንደታየ ይጠይቁ።

ምን ይዤ ልሂድ?

ደብተር። ይህንን ከማንኛውም ምክር አስበልጬ እናገራለሁ።

ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ያዩትን ይጻፉ፤ ግን ፍርድዎን ሳይሆን የሆነውን ነገር። «ዛሬ በጣም አስቸገረኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለባለሙያው ምንም አይጠቅመውም። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት የጻፍኩት እንዲህ ነበር፤ ኋላ ሁሉንም ቀደድኩት። ከዚያ የጻፍኩት አንድ ገጽ ይህን ይመስላል፦ «ማክሰኞ ጠዋት። የጠርሙስ ክዳኖቹን በመስኮቱ ሥር ደረደራቸው፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። እኅቱ አንዱን አነሳች። ጆሮውን ይዞ 25 ደቂቃ ጮኸ። ባቅፈው ይብስበታል። ክዳኑ ቦታው ሲመለስ ወዲያው ዝም አለ፤ ማንንም ሳያይ ድርደራውን ቀጠለ።» ባለሙያው ይህንን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ቪዲዮም ይቅረጹ። ልዩ ቀን አይፈልጉ፤ ሲጫወት፣ ሲለብስ፣ እንግዳ ሲመጣ ይበቃል። ስልክዎ ውስጥ ያሉትን የቆዩ ቪዲዮዎችም አይርሱ፤ የመጀመሪያ ልደቱ ላይ ስሙ ሲጠራ ዞሮ ነበር? እዚያ ውስጥ መልስ አለ። የክትባት ካርዱን፣ የወሊድ ታሪኩን፣ የመምህሩን ደብዳቤ፣ ከቤተሰብ አፉን ዘግይቶ የፈታ ወይም ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ሰው ካለ እሱንም ጨምረው ይያዙ። የሚወደውን መጫወቻ አይርሱ።

ልጁ የሚችለውንም ይጻፉ። እኔ ደብተሩን ሳገላብጥ የጉድለት መዝገብ ሆኖብኝ አለቀስኩ። በኋላ አንድ ገጽ ጨመርኩ፤ እንቆቅልሽ በጀርባው ገልብጦ እንደሚገጥም፣ ዘፈን አንድ ጊዜ ሰምቶ ዜማውን እንደሚይዝ።

በቀጠሮው ቀን «ደህና» ቢሆንስ?

ያጋጥማል። ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ አዋቂ፣ ሙሉ ትኩረት ለብዙ ልጆች ከትምህርት ቤት ይልቅ የሚመች ነው። ቪዲዮውና ደብተሩ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ባለሙያው ትምህርት ቤት ሄዶ እንዲያየው ወይም ከመምህሩ ጋር እንዲነጋገር መጠየቅም ይችላሉ።

ሴት ልጄ የሰው ዓይን ታያለች፣ ጓደኛም አላት። «ኦቲዝም አይደለም» ብለው መለሱኝ። ልቀበል?

ምክንያቱ ያ ብቻ ከሆነ አይቀበሉ። ቀደም ሲል አራት ወንድ ለአንድ ሴት ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ግን ወደ ሦስት ለአንድ አቀረበው፤ ብዙ ሴቶችም ሳይታዩ እንደሚያልፉ አመለከተ። ሴት ልጆች ልዩነታቸውን መሸፈን ይችሉበታል። አንዷን ጓደኛ መርጠው አነጋገሯንና አሳሳቋን ይቀዳሉ፤ ፍቅራቸው ፈረስ ወይም ታሪክ ቢሆን ማንም አይደነቅም፤ ቀኑን ሙሉ ተቆጣጥረውት የዋሉት ነገር ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ይፈነዳል።

ስለዚህ «ጓደኛ አላት?» ተብለው ሲጠየቁ በ«አዎ» አይለፉ። ጓደኝነቱ እንዴት ነው? ጓደኛዋ ያልመጣች ቀን ምን ታደርጋለች? ጨዋታው ሲቀየር ትከተላለች ወይስ ከዳር ቆማ ታያለች? ያንን ይናገሩ።

ጥፋቱ የእኔ ይሆን?

አይደለም። ይህንን ደግመው ያንብቡት።

ሊዮ ካነር የተባለ የልጆች የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝም ስላለባቸው 11 ልጆች ከጻፈ በኋላ ለረጅም ዓመታት ጥፋቱ «የቀዘቀዘች እናት» ነው ተብሎ ተሰበከ። ስንት እናት በማታውቀው ኃጢአት አንገቷን ደፍታ እንደኖረች ሳስብ ሆዴ ይባባል። እ.ኤ.አ. በ1977 በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት ኦቲዝም በአብዛኛው ከዘር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም አጠናከሩት። አስተዳደግ፣ ቁጣ፣ ሥራ መዋል ኦቲዝም አያመጡም።

ክትባትም አያመጣም። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የእንግሊዛዊው ሐኪም የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ወጣ፤ በ2010 ያወጣው የሕክምና መጽሔት ራሱ ሰረዘው፤ ጸሐፊውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ምንም ግንኙነት አላገኘም። ታናሹን ልጅዎን ያስከትቡ።

እኔ አዋቂ ነኝ። አሁን ማወቁ ምን ይጠቅመኛል?

በልጄ ምዘና ወቅት ባለሙያው ስለ ልጄ በጠየቀኝ ቁጥር «እኔም እንደዚያ ነበርኩ» እያልኩ እመልስ ነበር። ወደ መጨረሻው ገደማ ጥያቄውን አቁሞ ዝም ብሎ አየኝ።

እኔ ልጅ ሳለሁ የሚናገርና ትምህርቱን የሚያልፍ ልጅ ኦቲዝም አለበት ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙም አልነበረም። እንዲህ ላለ ሰው ይሰጥ የነበረው አስፐርገር የሚባለው ስያሜ በአሜሪካው መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ በ2013 ተነሥቶ ሁሉም ኦቲዝም በሚለው ጥላ ሥር ተጠቃለለ። የስሜት ሕዋሳት ጉዳይም መስፈርቱ ውስጥ የገባው ያኔ ነው። ስለዚህ በአርባዎቹና ከዚያ በላይ ያሉ ብዙ ሰዎች በጊዜው የሚያያቸው አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት፤ እነዚህ ሁሉ ልጆች አይደሉም።

ጥቅሙ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። ለአንዳንዱ በሥራ ቦታ ጸጥ ያለ ጥግ ወይም በጽሑፍ የሚሰጥ መመሪያ ለመጠየቅ ማስረጃ ነው። ለአንዳንዱ ለዓመታት ለጭንቀትና ለድብርት ሲታከም ያልተነካው ሥር ነው። ለእኔ ከስብሰባ በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለምን እንደምተኛ ማወቅና ራሴን «ሰነፍ» ማለት ማቆም ነበር። የማይፈልግም አለ፤ ራሱን አውቆ ያለ ወረቀት መኖር የመረጠ ሰው አልተሳሳተም።

በኢንተርኔት ያለውን መጠይቅ ሞልቼ ከፍተኛ ነጥብ አገኘሁ። ይበቃል?

መነሻ ይሆናል እንጂ አይበቃም። ኤ.ኪው የሚባለው ባለ 50 ጥያቄ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2001 ካምብሪጅ ላይ የተዘጋጀ የታወቀ መሣሪያ ነው። ሆኖም ብርቱ ጭንቀት ወይም ዓይን አፋርነት ያለበት ሰውም ከፍ ያለ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል፤ መሸፈን የለመደ ሰው ደግሞ ዝቅ ሊልበት ይችላል። አትመው ይዘውት ይሂዱ፤ ከነጥቡ ይልቅ ከየጥያቄው ጎን የጻፉት ምሳሌ ነው የሚጠቅመው።

ለአዋቂ አስቸጋሪው ልጅነትን ማስረዳት ነው። ወላጅ ካለ ይጠየቃል። ከሌለ ታላቅ እኅት ወይም ወንድም፣ አክስት፣ የድሮ የትምህርት ቤት ካርድ። የእኔ የሦስተኛ ክፍል መምህር በካርዴ ላይ «ጎበዝ ናት፤ ግን ብቻዋን ናት» ብለው ጽፈውልኝ ነበር።

«ሥራና ትዳር አለሽ፤ ኦቲዝም የለብሽም» ብሎኝ ሐኪሙ ሸኘኝ። ምን ላድርግ?

ለእኔም ተብሏል፤ ስለ ልጅነቴ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠየቅ። እንዲህ ይበሉ፦ «በሥራዬና በቤቴ ይህ ይህ ያስቸግረኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነበር፤ በአዋቂዎች ኦቲዝም ላይ ልምድ ወዳለው ባለሙያ ይላኩኝ።» እምቢ ካለ ጥያቄዎንና ምክንያቱን በካርድዎ ላይ እንዲጽፈው ይጠይቁ። ሌላ ሐኪም ማማከር ድፍረት አይደለም።

ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝስ?

ያኔም ምዘናው ሥራውን ሠርቷል። የቋንቋ እድገት መዘግየት፣ የትኩረት ማነስ፣ ጭንቀት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ኦቲዝም ሊመስሉ ይችላሉ፤ አብረውትም ይኖራሉ። እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ በአሜሪካው መመሪያ ኦቲዝምና የትኩረት ማነስ በአንድ ሰው ላይ አብረው እንዲመዘገቡ አይፈቀድም ነበር፤ አሁን ይፈቀዳል። መልሱ «አይደለም» ከሆነ «እንግዲያውስ የማየው ነገር ምንድን ነው?» ብለው ሳይጠይቁ ከክፍሉ አይውጡ።

ወረቀቱ «ደረጃ 2» ይላል። ምን ማለት ነው?

ልጁ የሚያስፈልገው የድጋፍ መጠን ነው፤ 1 ድጋፍ፣ 2 ብዙ ድጋፍ፣ 3 እጅግ ብዙ ድጋፍ። የልጁ የወደፊት ዕጣ አይደለም፤ ከዓመት ዓመትም ሊለወጥ ይችላል።

ወረፋው ወራት ይፈጃል ተባልኩ። እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

አይቀመጡ። የንግግር ሕክምና ለመጀመር የኦቲዝም ወረቀት አያስፈልግም፤ መዘግየቱ ራሱ በቂ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ወደ ልጁ ጨዋታ ይግቡ። ክዳን የሚደረድር ከሆነ ከጎኑ ተቀምጠው ክዳን ያቀብሉት፤ አንዱን ያቆዩና ወደ ፊትዎ እስኪያይ ይጠብቁ። ባየዎት ቅጽበት ይስጡት። እኔ ይህንን ስጀምር የመጀመሪያውን እይታ ያገኘሁት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ቀኑ ምን እንደሚመስል በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። በቃል ካልሆነ በሥዕል ወይም በምልክት ይጠይቅ፤ ይህ ንግግሩን አያዘገየውም።

ከመድኃኒት ነጋዴዎች ግን ይጠንቀቁ። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። መርዛማ ብረቶችን ከሰውነት ያወጣል የሚባለው ሕክምና፣ የልብስ ማንጫ ኬሚካል የሆነው «ጠብታ»፣ የኦክስጅን ሳጥን ሁሉም ሊጎዱ ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ሕይወቱን ያጣ ልጅ አለ። «በሦስት ወር ይተወዋል» ለሚልዎ ሰው ገንዘብዎንም ልጅዎንም አይስጡ።

ለልጄ መቼ ልንገረው?

እሱ ከሌሎች መለየቱን ራሱ ሳያስተውል በፊት ቢሆን ይመረጣል። አንድ ትልቅ ንግግር አያስፈልግም፤ በትንሽ በትንሹ፣ ነገሩ ሲነሣ። እኔ ለልጄ የነገርኩት 6 ዓመት ሲሞላው፣ የእጅ ማድረቂያ ማሽን ድምፅ አስፈርቶት ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ ነው። «ጆሮህ ድምፅን ከሌላ ሰው ጆሮ አጉልቶ ይሰማል። ይህ ኦቲዝም ከሚባለው ነገር ነው። እኔም አለብኝ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «አንቺም ያ ማሽን ያስፈራሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። እጄን ያዘኝ፤ ይህን ጊዜ አንጓዬን ሳይሆን ጣቶቼን።